ስኳር በሽታ፣ ኩላሊት እና ጥሩምባው የማይቆምላቸው ወታደሮች



በየአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን እሑድ ከስብከት በኋላ ከሚነገሩት ማስታወቂያዎች አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። “ወንድማችን ኩላሊቱን ታሟል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ያስፈልገዋል፤ ስትወጡ በር ላይ ባለው ሣጥን የቻላችሁትን አድርጉ” ይባላል። ቅዱሳንም ይሰጣሉ። መስጠታቸው መልካም ነው። ነገር ግን በመጋቢነት አገልግሎቴ ከእነዚህ ቤተሰቦች ጋር ስቀመጥ የምሰማው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ኩላሊቱ ከመድከሙ ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ስኳር በሽታ ተገኝቶበት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ኩላሊቱን አላመመውም። ስላላመመውም ማንም ስለ ኩላሊቱ አልጠየቀም፤ እርሱም አልተመረመረም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ነው። ሆኖም የሕክምና ሰዎች የሆኑ ወገኖችን እየጠየቅሁ፣ በጉዳዩ ላይ የተጻፈውንም እያነበብኩ ስሄድ ብዙዎቻችን ያልሰማነው አንድ ነገር አገኘሁ። ኩላሊትን የሚጎዳው ስኳሩ ብቻውን አይደለም። ሰውነታችንን እንዲጠብቁ የተፈጠሩት የራሳችን የመከላከያ ሴሎች በጉዳቱ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ሕመም ሳይሰማን ለምን መመርመር እንዳለብን፣ ደህና ነኝ ስንል መድኃኒቱን ለምን ማቋረጥ እንደሌለብን፣ “የመከላከል አቅም ይጨምራል” እየተባለ የሚሸጥልን ነገር ለምን ለኩላሊት መፍትሔ እንደማይሆን ከዚህ በመነሣት በቀላሉ መረዳት ይቻላል።

ማንም የማያየው ስፍራ

ኩላሊቶቻችን ሁለት ናቸው። ከጎድን አጥንታችን ግርጌ በጀርባ በኩል፣ በአከርካሪያችን ግራና ቀኝ ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው የጭብጥ ያህል ናቸው፤ ክብደታቸውም 150 ግራም ገደማ ነው። ታዲያ በዚህች ትንሽ ነገር ውስጥ አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ማጣሪያዎች አሉ። እያንዳንዱ ማጣሪያ እጅግ የቀጠኑ የደም ሥሮች የተጠቀለሉበት ቋጠሮ ሲሆን ከቋጠሮው ቀጥሎ ረጅም ቱቦ አለው። በአንድ ቀን ብቻ 180 ሊትር የሚያህል ፈሳሽ ከደማችን በእነዚህ ቋጠሮዎች ይጣራል። ይህን ሁሉ ብንሸናው አንድ ቀን እንኳ በሕይወት አንቆይም ነበር። ቱቦዎቹ ግን ውሃውን፣ ጨዉንና ስኳሩን መልሰው ወደ ደም ያስገቡታል። በመጨረሻ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ነው።

ዱቄት በወንፊት ሲነፋ የላመው ያልፋል፣ ያልላመው ይቀራል። ጤነኛ ኩላሊትም ትልልቆቹን ፕሮቲኖች፣ በተለይም አልቡሚን የተባለውን፣ በደም ውስጥ ያስቀራል። የወንፊቱ ቀዳዳ ሲሰፋ አልቡሚን ወደ ሽንት ያመልጣል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ስለ ምርመራው ስንነጋገር እንፈልገዋለን።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ልብንና ኩላሊትን አብሮ የሚጠራበት ቦታ ብዙ ነው። የሰውን የውስጥ ውስጥ፣ ከእግዚአብሔር በቀር ማንም የማያየውን ስፍራ ማለቱ ነው። በሥጋውም ቢሆን ነገሩ ከዚህ አይርቅም፤ ኩላሊት ሲጎዳ ባለቤቱ ራሱ እንኳ አያውቅም።

በስኳር ሕመምተኞች የኩላሊት ማጣሪያ ላይ የሚወጡትን ጉብታዎች በአጉሊ መነጽር አይተው የገለጹት ኪመልስቲል እና ዊልሰን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ናቸው፤ ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1936 ነበር (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ለጉዳቱ ይሰጥ የነበረው ማብራሪያ በሁለት ነገሮች ላይ ያተኮረ ነበር። አንደኛው በደም ውስጥ የበዛው ስኳር ነው፤ ሁለተኛው በማጣሪያው ውስጥ የሚጨምረው የደም ግፊት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ዛሬም አልተሻሩም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ስኳር ካለባቸው ሰዎች ከአሥሩ ሦስቱ ወይም አራቱ የኩላሊት ጉዳት ይደርስባቸዋል፤ የቀሩት አይደርስባቸውም። የስኳር መጠናቸውና የሕመም ዘመናቸው የሚቀራረብ ሁለት ሰዎች፣ የአንዱ ኩላሊት ሲደክም የሌላው እንዴት ደህና ይሆናል? በዘር የሚወረስ ነገር አለበት፣ የደም ግፊትም፣ ሲጋራም አለበት። ከመልሱ አንዱ ክፍል ግን ያለው በመከላከያ ሴሎቹ ዘንድ ነው።

የሚዋጉም የሚገነቡም

በ1882 ኤሊ ሜችኒኮፍ የተባለ የሩሲያ ግዛት ተወላጅ ሳይንቲስት በጣሊያን አገር፣ በሲሲሊ ደሴት በምትገኘው በመሲና ከተማ ነበር። የሚያጠናው ገና ያልጎለመሰ የባሕር ኮከብ የሚባለውን እንስሳ ነው፤ ሰውነቱ እንደ ብርጭቆ ስለሚያሳይ ውስጡ ያለው ሁሉ ይታያል። አንድ ቀን የጽጌረዳ እሾህ ወስዶ በዚያ ትንሽ ፍጥረት ሰውነት ውስጥ ወጋበት። በማግስቱ ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሴሎች ከየአቅጣጫው መጥተው እሾሁን ከብበውታል። የማንም ትእዛዝ ሳይሰማ ዘበኛ ወደ ሌባው እንደሚሮጥ ማለት ነው። በዚህና ከዚህ በተከተለው ሥራው በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። (ሜችኒኮፍ በእግዚአብሔር የሚያምን ሰው አልነበረም። እኔ ግን እርሱ በዚያ ማለዳ ያየውን ሳነብ የፈጣሪን እጅ ከማድነቅ ሌላ ምንም አልቻልኩም።)

በእኛም ሰውነት ውስጥ እንዲህ ያሉ ሴሎች አሉ። ማክሮፋጅ ይባላሉ፤ ቃሉ የግሪክ ነው፣ “ትልቅ በላተኛ” ማለት ነው። አንዳንዶቹ ከእናት ማሕፀን ጀምሮ በኩላሊት ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። ሌሎቹ ከአጥንት መቅኔ ተወልደው በደም ውስጥ ሲዘዋወሩ ይቆዩና ጉዳት ወዳለበት ስፍራ ሲጠሩ ከደም ሥር ወጥተው ማክሮፋጅ ይሆናሉ። ሥራቸው ሁለት ነው። ጀርም ሲገባ ይዋጋሉ፣ ይበሉታል፣ የሚያቃጥል ኬሚካል ይረጩበታል። ውጊያው ሲያበቃ ደግሞ ያው ሴል ጠባዩን ይለውጥና ፍርስራሹን ይጠርጋል፣ የተቀደደውን እንዲጠገን ያደርጋል።

ይህን ሳነብ ወዲያው ወደ አእምሮዬ የመጣው የነህምያ መጽሐፍ አራተኛው ምዕራፍ ነው። የኢየሩሳሌምን ቅጥር የሚሠሩት ሰዎች በአንድ እጃቸው ግንባታውን፣ በሌላው መሣሪያቸውን ይዘው ነበር። ጥሩምባ ነፊውም ከነህምያ አጠገብ ይቆም ነበር፤ ጥሩምባው ወደ ተሰማበት ስፍራ ሁሉም እንዲሰበሰብ ተነግሮታል። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ፤ ሰዎቹም ከዚያ ተነሥተው ወደየቤታቸው ሄዱ። ማክሮፋጆች በቆሰለ ጣታችን ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ይመጣሉ፣ ይዋጋሉ፣ ይገነባሉ፣ ይሄዳሉ።

ጥሩምባው ሳይቆም ሲቀር

አሁን ወደ ስኳር ሕመምተኛው ኩላሊት እንግባ። በደም ውስጥ ስኳር ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ስኳሩ በሰውነት ፕሮቲኖች ላይ ይጣበቃል። የሦስት ወር የስኳር ምርመራ የሚባለውም የሚሠራው በዚሁ ነው፤ በቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ይለካል። በኩላሊት ውስጥ እንዲህ የተጣበቀበት ፕሮቲን ሲከማች ሴሎቹን ያውካቸዋል። ቱቦዎቹ ደግሞ ሌላ ሸክም አለባቸው። የተጣራውን ብዙ ስኳር መልሰው ለማስገባት ከአቅማቸው በላይ ይሠራሉ። ማጣሪያው ከላላ በኋላ የሚያመልጠውም አልቡሚን በእነርሱ ላይ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የተጨነቁት የኩላሊት ሴሎች ጥሩምባቸውን ይነፋሉ።

ጥሩምባው ምሳሌ ብቻ አይደለም። ኤምሲፒ-1 የሚባል፣ ነጭ የደም ሴሎችን የሚጠራ ኬሚካል ነው። በዚያው ጊዜ የኩላሊቱ የደም ሥሮች ግድግዳ የሚያጣብቅ ይሆናል፤ በደም ውስጥ የሚያልፈው ሴል እዚያ ላይ ይያዝና ሾልኮ ወደ ኩላሊቱ ሥጋ ይገባል። ገብቶም ማክሮፋጅ ይሆናል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወታደሩ ተጠርቶ መጥቷል፣ ነገር ግን ጠላት የለም። ባክቴሪያ የለም፣ እሾህ የለም። ቢሆንም የተጠራው ለውጊያ ነውና የሚያቃጥለውን ኬሚካል ይረጫል፤ ቲኤንኤፍ እና ኢንተርሉኪን የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ደግሞ አጠገቡ ያሉትን ጤነኛ የኩላሊት ሴሎች ይጎዳሉ። የተጎዱት ሴሎች እንደገና ጥሩምባ ይነፋሉ። ሌሎች ወታደሮች ይመጣሉ። ስኳሩ ዛሬም፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ከፍ ብሎ ስለሚውል የጥሪው ምክንያት አይወገድም።

የግንባታው ሥራም እንዲሁ ማብቂያ የለውም። ማክሮፋጆቹና የተጎዱት የኩላሊት ሴሎች ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለ፣ ጠጋኝ ሴሎችን የሚያነቃቃ ኬሚካል ያመነጫሉ። ጠጋኞቹ የሚሠሩት ጠባሳ ነው። ጣታችሁ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቢቀር ጉዳት የለውም። በማጣሪያ ላይ ግን ጠባሳ ማለት ቀዳዳው የተደፈነ ወንፊት ነው። እንግዲህ 52 ቀን ሳይሆን 15 ዓመት ያለማቋረጥ ቅጥር ቢሠራ ምን እንደሚሆን አስቡት፤ መንገዱም፣ በሩም፣ ጓዳውም ሁሉ ግንብ ይሆናል። ኩላሊት የሚደክመው እንዲህ ነው።

“ይህ እውነት መሆኑ በምን ታወቀ?” የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በመጀመሪያ፣ ከስኳር ሕመምተኞች ኩላሊት በመርፌ ናሙና ተወስዶ ሲታይ ማክሮፋጆች በብዛት ይገኛሉ፤ በበዙበትም ኩላሊት ጠባሳው የከፋ ሆኖ ይታያል። ከዚህ ይልቅ እኔን ያሳመነኝ ግን በአይጦች ላይ የተደረገው ነው። ተመራማሪዎች ኤምሲፒ-1 የሌላቸውን አይጦች ስኳር እንዲይዛቸው አደረጉ። የስኳራቸው መጠን ከሌሎቹ አይጦች ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ በኩላሊታቸው ውስጥ የተሰበሰቡት ማክሮፋጆች አነሱ፤ የኩላሊታቸውም ጉዳት ቀነሰ። ስኳሩ ያው ነው፣ ጥሩምባው ብቻ ጠፋ። በሰዎችም ላይ በ2012 የወጡ ጥናቶች በደም ውስጥ የቲኤንኤፍ ተቀባይ የሚባሉት ፕሮቲኖች ከፍ ያሉባቸው የስኳር ሕመምተኞች ኩላሊታቸው ወደ ፊት የመድከም ዕድሉ የበለጠ መሆኑን አሳይተዋል።

ማክሮፋጆች ብቻቸውን አይደሉም። ቲ ሴል የሚባሉትም ወደ ኩላሊቱ ይገባሉ፤ ከእነርሱ መካከል እንደ አገር ሽማግሌ ጠብ የሚያበርዱ አሉ፣ ጠቡን የሚያባብሱም አሉ። ስለ እነዚህ ዝርዝር መናገር ከዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለሚያወጣኝ እተወዋለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ። በልጅነት ወይም በወጣትነት የሚጀምረው፣ አንደኛው ዓይነት የሚባለው ስኳር በሽታ፣ ከመነሻውም የሚመጣው የመከላከያ ሴሎች በጣፊያ አጠገብ ባለው ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ስለሚያጠፉ ነው። ያ ሌላ ጉዳይ ነው። በኩላሊት ላይ የሚሆነው ግን በአንደኛውም በሁለተኛውም ዓይነት ይከሰታል።

“አቅም የሚጨምር” ነገር ልግዛ?

በየገበያው፣ አንዳንዴም ይቅርታ አድርጉልኝና በየጸሎት ፕሮግራሙ በር ላይ፣ “የመከላከል አቅምን የሚጨምር” እየተባለ በጠርሙስና በከረጢት የሚሸጥ ነገር አለ። እስካሁን ያልኩትን የተከታተለ ሰው ለስኳር ሕመምተኛ ኩላሊት ይህ ለምን መድኃኒት እንደማይሆን ይገባዋል። በኩላሊቱ ውስጥ ያለው ችግር የወታደር ማነስ አይደለም፤ ያለ ጠላት የተሰበሰበ ወታደር መብዛት ነው። የሚገርመው፣ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል በዚያ ስፍራ መከላከያው ይደክምበታል፤ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። በሚያስፈልግበት ደካማ፣ በማያስፈልግበት ሁከተኛ ማለት ነው። በዚህ ላይ ከአንዳንድ የዕፅዋት ቅመሞች ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም፤ ኩላሊትን በቀጥታ የሚመርዙ ዕፅዋት መኖራቸው ግን የታወቀ ነው።

“እንግዲያው መከላከያውን በመድኃኒት ማስተኛት ነዋ” ትሉ ይሆናል። ሐኪሞችም አስበውበታል፤ ግን ቀላል አልሆነም። ብግነትን የሚያበርዱት ስቴሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ራሳቸው ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። ባርዶክሶሎን የተባለ ብዙ ተስፋ የተጣለበት መድኃኒት በስኳር ሕመምተኞች ላይ ሲሞከር የልብ ድካም ስላበዛ ሙከራው በ2012 እንዲቆም ተደርጓል። የኤምሲፒ-1ን ጥሪ የሚዘጋ መድኃኒትም ተሞክሮ በሽንት የሚወጣውን አልቡሚን በመጠኑ ቀንሷል፤ ውጤቱ በ2015 ታትሟል፤ ሆኖም ለዚህ በሽታ ተፈቅዶ መደርደሪያ ላይ የደረሰ አይደለም። ዘበኛን ማሰናበት ቀላል ነው፤ ሌባው በሚመጣበት ሌሊት ግን ምን ይሆናል?

ጥሩምባውን ዝም የሚያሰኙት

ደስ የሚያሰኘው፣ ወታደሮቹን ሳንነካ የጥሪውን ምክንያት የሚቀንሱ መድኃኒቶች መኖራቸው ነው። ከሁሉ በፊት ስኳሩን በመጠኑ መያዝ ነው፤ ይህን ሁላችሁም ትሰማላችሁና አልደግመውም። ቀጥሎ የደም ግፊት አለ። ካፕቶፕሪል የተባለው መድኃኒት በአንደኛው ዓይነት ሕመምተኞች ላይ ኩላሊትን እንደሚጠብቅ በ1993 ታይቷል፤ የእርሱ ዘመድ የሆነውን ኢናላፕሪልን በአገራችን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሎሳርታን የተባለው ደግሞ በ2001 በሁለተኛው ዓይነት ላይ እንዲሁ ጠቅሟል። “ግፊቴ ጥሩ ሆኗል፣ ይህን ኪኒን ለምን እውጣለሁ?” የምትሉ፣ ሐኪሙ ያዘዘላችሁ ለኩላሊታችሁ ሊሆን ስለሚችል ሳትጠይቁ አታቋርጡ። (እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች እህት ግን እነዚህን መድኃኒቶች መውሰድ ስለማይገባት ቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።)

ከ2019 ወዲህ ደግሞ ትልቅ ለውጥ መጥቷል። ቱቦዎቹ ስኳሩን መልሰው እንዳያስገቡ የሚከለክሉ፣ ስኳሩ ከሽንት ጋር እንዲወጣ የሚያደርጉ መድኃኒቶች አሉ። ካናግሊፍሎዚን፣ ዳፓግሊፍሎዚን እና ኢምፓግሊፍሎዚን ይባላሉ። ካናግሊፍሎዚን በ2019 በወጣው ጥናት ላይ የኩላሊት መድከምንና ተያያዥ ሞትን በ30 በመቶ ቀንሷል። የቱቦዎቹን ሸክም ያቀላሉ፣ በማጣሪያው ውስጥ ያለውን ግፊት ያወርዳሉ፤ የብግነት ምልክቶችም ሲቀንሱ ታይቷል። በ2020 ጥናቱ የወጣው ፊኔሬኖን ደግሞ ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። ይህ መድኃኒት የሚዘጋው ተቀባይ በማክሮፋጆቹ ራሳቸው ላይም ይገኛል፤ በእንስሳት ላይ ሲሞከርም ብግነትንና ጠባሳን ቀንሷል። በ2024 ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ በመርፌ የሚሰጠው ሴማግሉታይድ ከባድ የኩላሊት ጉዳትን በ24 በመቶ እንደቀነሰ ታውቋል።

አዲሶቹ መድኃኒቶች ውድ ናቸው። በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ ወገኖች ስኳርና የኩላሊት ችግር ካለባችሁ ስለ እነዚህ ሐኪማችሁን በስም ጠይቁ። በአገር ቤት ያላችሁ ግን ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ርካሽ ስለሆኑ አትናቋቸው፤ ተመራማሪዎች አዲሶቹን መድኃኒቶች የሞከሩት በእነዚህ ላይ እየደረቡ ነው።

በሽንት ውስጥ የሚታየው

ማክሮፋጆቹን ለማየት ኩላሊትን በመርፌ መውጋት አያስፈልጋችሁም። ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኳችሁ አልቡሚን ምልክቱን ይሰጣል። በጥቂት ሽንት የአልቡሚንና የክሪያቲኒን ንጽጽር ይለካል፤ ውጤቱ ከ30 በታች ከሆነ ደህና ነው፣ ከ30 እስከ 300 ማጣሪያው መላላት ጀምሯል፣ ከ300 በላይ ጉዳቱ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ከባድ ስፖርት ውጤቱን ለጊዜው ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል አንድ ጊዜ ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ በወራት ውስጥ ይደገማል። ከዚህ ጋር በደም ውስጥ ክሪያቲኒን ተለክቶ የኩላሊት የማጣራት አቅም ይሰላል። አቅሙ ለሦስት ወር ያህል ከ60 በታች ከሆነ ኩላሊቱ ደክሟል፤ ከ15 በታች ሲሆን ነው ስለ እጥበት ወይም ስለ ንቅለ ተከላ የሚወራው።

ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው በሽታው በተገኘበት ቀን ጀምሮ በየዓመቱ ይህን ምርመራ ማድረግ አለበት። አንደኛው ዓይነት ያለበት ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ። የእግር ማበጥ፣ የሽንት አረፋ መብዛት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ የምትሏቸው ምልክቶች የሚመጡት ዘግይተው ነው። በአገራችን በ2015 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ እግዚአብሔርን የምናመሰግንበት ነገር ነው። ሆኖም ለንቅለ ተከላ ለጋሽ ያስፈልጋል፤ እጥበትም የቤተሰብን ጥሪት ያሟጥጣል። የሽንት ምርመራው ዋጋ ከዚህ ሁሉ ጋር አይወዳደርም።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። ለጀርባና ለጉልበት ሕመም እያልን ከየመድኃኒት ቤቱ ያለ ትእዛዝ የምንገዛቸው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለደከመ ኩላሊት ከባድ ናቸው። ስኳር ያለባችሁ፣ “ኩላሊቴ እንዴት ነው?” ሳትሉ አትውሰዷቸው።

ጸሎት፣ ጾምና መድኃኒት

ጌታ ዛሬም እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ እሰብካለሁም፤ ለበሽተኞች እጄን ጭኜ እጸልያለሁ። ነገር ግን በአንዳንድ መድረኮች “ተፈውሰሃል፣ ኢንሱሊኑን ጣለው” ሲባል እየሰማን ዝም ማለት አይገባንም። አንደኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን ካቆመ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሁለተኛው ዓይነት ያለበት ሲያቆም ምንም ላይሰማው ይችላል፤ በኩላሊቱ ውስጥ ግን ጥሩምባው ይነፋል። “እነሆ ምንም አልሆነም” እያለ የሚመሰክርባቸው ወራት ጠባሳው የሚሠራባቸው ወራት ናቸው። ይህ በሽታ ስሜታችንን እንደ ማስረጃ እንድንወስድ የማይፈቅደውም ለዚህ ነው።

ጌታ ኢየሱስ ለምጻሞቹን ሲፈውስ ራሳቸውን ለካህን እንዲያሳዩ ልኳቸዋል (ሉቃስ 17)። በሕጉ መሠረት የመዳንን ነገር መርምሮ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበርና። እንግዲህ የተፈወሰ ሰው ምርመራን ለምን ይፈራል? የሦስት ወር ስኳሩና የሽንት አልቡሚኑ ይለካ፤ መድኃኒቱን የሚቀንስለትም ሐኪሙ ይሁን። ኢሳይያስም ለሕዝቅያስ የፈውስን ቃል ከእግዚአብሔር ይዞለት ከመጣ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዟል (2ኛ ነገሥት 20)። ነቢዩ ሁለቱን አላጋጫቸውም። ይህን የምጽፈው በተለይ ለአገልጋይ ባልንጀሮቼ ነው፦ በጉባኤያችን ማንም ሰው በመድረክ ላይ መድኃኒቱን እንዲጥል አይነገረው።

ስለ ጾምም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ሳይበላ ሲውል ስኳሩ በድንገት ሊወርድበትና ራሱን ሊስት ይችላል። ከላይ ያነሣኋቸውን በ“ፍሎዚን” የሚያልቁትን የሚወስድ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲጾም ስኳሩ ብዙም ሳይጨምር ደሙ ኬቶን በሚባል አሲድ ሊመረዝ ይችላል፤ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመምና የትንፋሽ ማጠር ካዩ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ውሃ ሳይጠጣ መዋሉም ራሱ ይጎዳዋል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የሦስት ቀን ወይም የሳምንት ጾም ስታውጅ ስኳር ያለባችሁ ከሁለት ሳምንት በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። መጾም የለባችሁም ከተባላችሁ የዳንኤልን አሥረኛ ምዕራፍ ተመልከቱ፤ ዳንኤል ለሦስት ሳምንት የተወው ጣፋጩን እንጀራ፣ ሥጋውንና የወይን ጠጁን እንጂ መብልን ሁሉ እንደ ሆነ አልተጻፈም። በዚያ መንገድ በሰዓታችሁ እየበላችሁ፣ መድኃኒታችሁን እየወሰዳችሁ ከጉባኤው ጋር በጸሎት መቆም ትችላላችሁ። የጾም መሪውም ይህን ከመድረክ በግልጽ ቢናገርላችሁ፣ በሰው ፊት አፍራችሁ ተደብቃችሁ ከመብላት ወይም ተደብቃችሁ ከመታመም ትድናላችሁ።